ድሮ ቤቱን የተሸከመው ማን ነበር?

ባሕር ዳር ውስጥ ዕድሜ የጠገበ ሰው ባለበት ቡና ላይ ከተቀመጣችሁ ወሬው ዞሮ ዞሮ «ድሮ ቀረ» ላይ ማረፉ አይቀርም። ድሮ ጤፉ ጤፍ ነበር። ጎረቤት ዘመድ ነበር። ልጅ የሰፈሩ ሁሉ ልጅ ነበር፣ ሲያጠፋ ያየው ሁሉ ይቆነጥጠው ነበር። ዛሬ ግን በሩ ተዘግቷል፣ ሁሉም ስልኩ ላይ አቀርቅሯል፣ እንጀራውም በፌስታል ከሱቅ ይመጣል።

እኔም ይህን ወሬ እወደዋለሁ። ውስጡ ብዙ እውነት አለ። ግን አንድ ነገር ሁልጊዜ ይጎድለዋል፣ እሱም ሥራው ነው። ያን መሶብ ማን ሞላው? ስንት ሰዓት ፈጀበት? ወገቡስ እንዴት ሆነ? እንዲህ ብላችሁ ስትጠይቁ ወሬው ቀዝቀዝ ይላል፣ በተለይ በወንዶቹ በኩል። እናቶቹ ግን ያን ጊዜ ይነቃሉ።

ሐሳቤን ከወዲሁ ልናገር። የቤት ሥራ ከአያቶቻችን ዘመን ወዲህ ቀሏል እንላለን እንጂ ብዙው የሄደው ወደ ሌላ ሰው ነው። የአያቶቻችን ቤት የቆመው በሴቶች ጉልበትና በጎረቤት ነበር። የእኛ ቤት ደግሞ በብር፣ በመብራት፣ ብዙ ጊዜም ከገጠር በመጣች አንዲት ወጣት ጉልበት ቆሟል። ይህን ካላየን ድሮን ስናመሰግን የደከመችውን እንረሳለን፣ ዛሬን ስናመሰግን ደግሞ እየደከመች ያለችውን።

ከወፍጮ እንጀምር። ዛሬ ጤፍ ተበጥሮ፣ በማዳበሪያ ተሞልቶ በባጃጅ ወፍጮ ቤት ይሄዳል፣ ከሰዓት በኋላ ዱቄት ሆኖ ይመለሳል። ጊዜ የሌለው ሰው ዱቄቱን ገዝቶ ይገባል። ሞተሩ ከመምጣቱ በፊት ግን ወፍጮው ቤት ውስጥ ነበር። ከታች ሰፊው ድንጋይ፣ ከላይ በሁለት እጅ የሚገፋው መጅ። ጣና ዳር ይህን ድንጋይ በመጥረብ የሚታወቁት ታንኳ የሚሠሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው። ሴትየዋ ዶሮ ሳይጮህ ትነሳለች። ጎንበስ ብላ መጁን ትገፋለች፣ ትስባለች፣ ትገፋለች። አንዴ ተፈጭቶ አያልቅም፣ ዱቄቱ እስኪልም ይደገማል፣ ጤፍ ደግሞ ደቃቅ ስለሆነ አስቸጋሪ ነው። በጎጃም በኩል ዳጉሳም አለ። ሽሮውም በዚያው ድንጋይ፣ ጨውም፣ በርበሬም። ቤተሰቡ ሲነሳ የሴትየዋ ቀን ግማሹ አልቋል፣ ግን ማንም አላየውም፣ ምክንያቱም ሁሉም ተኝቶ ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ለእኔ የሁለቱ ትውልድ ዋናው ልዩነት ያለው እዚሁ ነው። ስለ ዘመናዊነት ስናወራ ስልክና ቴሌቪዥን ይታወሰናል። በአንዲት የገጠር ሴት ሕይወት ላይ ግን ከስልክ ይልቅ ትልቁን ለውጥ ያመጣው የናፍጣ ወፍጮ ይመስለኛል። ጤፍ ተሸክማ ሩቅ መንገድ ብትሄድም፣ ወረፋ ብትጠብቅም፣ በየሌሊቱ ከመፍጨት ተገላገለች። ሴት ልጅም ከእናቷ ጋር መጅ ከመግፋት ተርፋ ትምህርት ቤት የመሄድ ዕድሏ ትንሽ ሰፋ። እናቶቻችንን «ከድሮ ምን አይናፍቅሽም?» ብላችሁ ጠይቋቸው። እኔ የጠየቅኳቸው ሁሉ ከማንኛውም ነገር በፊት ወፍጮን ነው የጠሩት።

ውሃና እንጨትም እንዲሁ ነበር። ሐይቁና ዓባይ አጠገብ መኖር ውሃ ቤት ገባ ማለት አይደለም። እንስራው ጀርባ ላይ ታዝሎ ነው የሚመጣው። ኋላ ጀሪካን መጣ፣ ቀለል አለ፣ ግን ተሸካሚዋ ያችው ሴት ናት። ቀጥሎ ቦኖ መጣ፣ ከዚያ የግቢ ቧንቧ። አሁን ብዙ ሰፈር ውሃው በፈረቃ ስለሚመጣ ሮቶ ያለው ሰው ይሞላል፣ ሮቶ የሌለው በርሜልና ጀሪካን ይደረድራል። ውሃው ሌሊት ከመጣ ደግሞ የሚነሳ ሰው ያስፈልጋል። ማን እንደሚነሳ ሁላችንም እናውቃለን።

እንጨት ከዘጌ በታንኳ ይመጣ ነበር። ዘጌ በገዳማቱ ሥርዓት ምክንያት የማይታረስ፣ ጫካው ተጠብቆ ቡናው በጥላ ሥር የሚያድግበት ምድር ነው። ከዚያ የተቆረጠው እንጨት በደንገል ታንኳ ተጭኖ፣ በመቅዘፊያ እየተቀዘፈ፣ ሰዓታት ፈጅቶ ባሕር ዳር ገበያ ይደርሳል። የከተማው ምድጃ የነደደው በዚያ እንጨትና ዳርቻው ላይ ባለው ባሕር ዛፍ ነው። እንጨት መግዛት ያልቻለች ደግሞ ጭራሮና ኩበት ትለቅማለች። ጭሱ የሁሉም ቤት ነው። ምጣድ ላይ የዋለች ሴት ዓይኗ ቀልቶ፣ ቀሚሷ ጭስ ጭስ እያለ ነው የምታመሸው። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት በዓመት ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ያለ ጊዜው እንደሚሞት ይገምታል። «ድሮ ጤነኛ ነበርን» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ይሄ ጭስ ትዝ ይለኛል።

ሕጉም የሚለው ነበረው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ አድርጎ ሚስትን ታዛዥ አደረጋት። አንድ አንቀጽ ደግሞ ባል የቤት አገልጋይ መቅጠር ካልቻለ ሚስት የቤቱን ሥራ ራሷ የመሥራት ግዴታ አለባት ይላል። ደግማችሁ አንብቡት። ሥራው የሷ ነው፣ ከሷ ላይ ሊወርድ የሚችለው ሌላ አገልጋይ ላይ ሲወድቅ ብቻ ነው። ባል ራሱ ይሠራዋል የሚል ሐሳብ ሕጉን በጻፉት ሰዎች አእምሮ ውስጥ አልገባም። ይህ በፌዴራል ደረጃ የተቀየረው በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። ባልና ሚስት እኩል ሆኑ፣ ለሴት 15 የነበረው የጋብቻ ዕድሜም ለሁለቱም 18 ሆነ። ወረቀቱ ላይ የነበረው ተሰረዘ። ወጥ ቤቱ ግን የድሮውን አንቀጽ አሁንም በቃሉ ያስታውሳል፤ አቅም ያለው ባል ዛሬም ሚስቱን የሚያግዘው ሠራተኛ በመቅጠር ነው።

አሁን ወደ መብራት። ባሕር ዳር በዚህ በኩል ልዩ ከተማ ናት። በ1950ዎቹ ጢስ ዓባይ ላይ የኃይል ማመንጫ ሲሠራ፣ ኢጣሊያ በከፈለችው የጦር ካሳ የተተከለው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እዚሁ ነበር። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ከጣና ውሃ እየሳበ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ ተመረቀ። ጳጉሜን 2017 ሕዳሴ ግድብ ተከተለ፣ ውሃው የዚሁ የእኛው ዓባይ ነው። ከዚህ ሁሉ ጋር ግን መብራት ለረጅም ጊዜ አምፖልና ሬዲዮ ነበር እንጂ ምግብ ማብሰያ አልነበረም። እንጀራ በመብራት መጋገር የብዙ ቤት ልማድ የሆነው በእኛ ዕድሜ ነው።

የኤሌክትሪክ ምጣድ እንግዲህ ትልቅ እፎይታ ነው፣ አልክድም። ጭስ የለም፣ እሳት መቆስቆስ የለም። ማብሪያውን ታዞራለህ፣ ምጣዱ ይግላል፣ ታሰሳለህ፣ ትጋግራለህ። ግን ምጣዱ እስከ 3.5 ኪሎ ዋት የሚጎትት ዕቃ ነው። አንድ ቤተሰብ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው አንድ ሰዓት ተኩል ቢጋግር በወር ከ40 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ይሄዳል። ይህ በምጣድ ብቻ ነው። ታሪፉ ደግሞ ፍጆታ ሲጨምር የእያንዳንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ እንዲጨምር ተደርጎ የተሠራ ነው፣ ከመስከረም 2017 ወዲህም ደረጃ በደረጃ ከፍ እያለ ነው።

ይህ ስሌት ተከራይ ላይ ሲመጣ ምን እንደሚሆን እዩ። ሽምብጥም ሆነ አባይ ማዶ፣ አንድ ግቢ ውስጥ አምስት ስድስት ክፍል ይከራያል፣ ቆጣሪው ግን አንድ ነው። የሁሉም ፍጆታ አንድ ላይ ስለሚደመር ሁሉም በውዱ እርከን ይከፍላል። ስለዚህ አከራይዋ ገና ቤቱን ስታሳይ «ምጣድ አይቻልም» ትላለች። ወይም «ቅዳሜ ብቻ» ትላለች። ቅዳሜ ደግሞ መብራት ይሄዳል። ሊጡ ኩፍ ብሎ፣ አብሲቱ ገብቶ፣ ሰፌዱ ተዘጋጅቶ መብራት ሲሄድ የምታዩት ፊት አለ፣ እሱን ያላየ ሰው ስለ ዘመናዊ ኑሮ ባያወራ ደስ ይለኛል። ሊጡ አይጠብቅም። ይሆመጥጣል። ሴትየዋ ወይ እንጨት ታነዳለች፣ ወይ ልጇን እንጀራ ግዛ ብላ ትልካለች።

የሚገዛው እንጀራ ከየት ይመጣል? ይህን ብዙ ሰው አይጠይቅም። የሚመጣው ከሌላ ሴት ነው። በየሰፈሩ ጓዳ ጋግራ ለሱቅና ለምግብ ቤት የምታስረክብ እናት አለች፣ ብዙዎቹ ደግሞ የመብራቱን ዋጋ ስለማይችሉት በእንጨት ነው የሚጋግሩት። ለመሸጥ የሚጋገር እንጀራ ደግሞ ሃያና ሠላሳ አይደለም። ስለዚህ ከእኔ ቤት የወጣው ጭስ እሷ ቤት ገብቷል። ዱቄቱም ተቀይሯል፣ ጤፍ ሲወደድ የፎገራ ሩዝ ይቀላቀላል። ነጭ ነው፣ ሲያዩት ያምራል፣ በማግሥቱ ይደርቃል። አንዳንዱ ሰው ጋጋሪዋን ያማል። እኔ አላማትም፣ የጤፉን ዋጋ የምታውቀው እሷ ናት።

ከጋጋሪዋ ቀጥሎ ሠራተኛዋ አለች። ይህ ድሮም የነበረ ነገር ነው፣ አዲስ አናስመስለው። ፋብሪካ ፈረቃ የምትገባ እናት ቤት ውስጥ ሰው ያስፈልጋታልና ከገጠር ታናሽ እህት ወይም የዘመድ ልጅ ትመጣለች። «አስተምራታለሁ» ተብሎ ነው የምትመጣው። አንዳንዷ እውነትም ተማረች፣ ሰው ሆነች። አንዳንዷ ግን የሰው ልጅ አሳድጋ፣ ራሷ ሳታነብ ቀረች። ዛሬ ዘመድነቱ ቀንሷል፣ ደላላ ገብቷል፣ ደመወዝ አለ። ይህ በአንድ በኩል ጥሩ ነው፣ ሥራው ሥራ ተብሎ መጠራት ጀመረ። በሌላ በኩል ግን በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የቤት ሠራተኞችን ከሽፋኑ ውጭ አድርጓቸዋል፣ የእነሱ ነገር በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንዲወሰን ትቶት። ስለዚህ በቀን ስንት ሰዓት ትሠራለች፣ መቼ ታርፋለች፣ ዓመት ፈቃድ አላት ወይ የሚለው ሁሉ በእመቤቲቱ ፀባይ ይወሰናል። ጥሩ ሰው ከገጠማት እሰየው። ካልገጠማት ወዴት ትሂድ?

ይህን የምጽፈው ሠራተኛ የቀጠረን ሁሉ ለመውቀስ አይደለም። ሁለት ደመወዝ ሳይገባ ቤት ኪራይና የልጅ ትምህርት የማይከፈልበት ጊዜ ላይ ነን። ሚስት ቢሮ ስትውል ቤት ሰው ይፈልጋል፣ እናቷ ገጠር ናቸው፣ ባል ደግሞ ወጥ ቤት አይገባም። በዚህ መሀል የቀረችው ያች ልጅ ናት። የሁለት ሰው ደመወዝ የሚቆመው በእሷ ጀርባ ነው፣ ስለዚህ ስለ ኑሮ ሲወራ ስሟ ሊነሳ ይገባል።

ወደ ጎረቤት ልመለስ፣ «ድሮ ቀረ» የሚሉት ሰዎች ትክክል የሆኑት እዚህ ላይ ነውና። ክብሪት እንደ ልብ ባልነበረበት ጊዜ ጠዋት እሳቱ ጠፍቶ ካደረ ልጅ ገል ይዞ ጎረቤት ይላካል፣ ፍም ጭሮ ይመጣል። ወንፊት ይዋሳል፣ እርሾ ይዋሳል፣ ጨው ይዋሳል። ከወለደች ሴት ጋር ጎረቤት ተራ ገብቶ ያድራል። ቡናም የሚጠራሩበት ምክንያት ነበረው። አንዱ ቤት አቦልና ቶናው ተጠጥቶ በረካው እስኪደርስ የሰፈሩ ችግር ሁሉ ይነሳል፣ የታመመው ይታወቃል፣ የተጣላው ይታረቃል። ሰዎቹ ከእኛ የተሻሉ ስለነበሩ ብቻ አይመስለኝም። ካለ ጎረቤት ቤቱ አይውልም ነበር። ዛሬ ክብሪቱ አለ፣ እርሾው ፍሪጅ ውስጥ አለ፣ የጎደለው ከሱቅ ይመጣል። ጎረቤትን የምናንኳኳበት ምክንያት አንድ በአንድ አለቀ።

ከተማዋም አድጋለች። በ1987ቱ ቆጠራ 96 ሺህ ገደማ የነበረው የባሕር ዳር ከተማ ሕዝብ በ1999 ከ155 ሺህ አልፎ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ስንት እንደተጨመረ ዘንዘልማ ድረስ የተዘረጋውን ቤት ማየት ነው። ተከራይ በየዓመቱ ይለቃል። ዓመት የማይቆይ ሰው ጎረቤት ለመሆን ጊዜ አያገኝም። ከዚህ ሁሉ በኋላም እድሩ አልፈረሰም፣ ማኅበሩ አለ፣ እቁቡ በቴሌብር ይሰበሰባል። የጸጥታው ችግር መንገድ በዘጋባቸው፣ ገበያ በጠፋባቸው ቀናት ደግሞ ያው የተዘጋው በር ሲከፈት ዓይተናል፤ ዱቄት ያለው አካፍሏል፣ ከሰል ያለው ምድጃውን ለግቢው አውጥቷል። ስለዚህ ጎረቤትነት ሞተ የሚለውን አልቀበልም። የሚገናኙበት ሥራ ነው ያነሰው።

ሐይቁም ከጓዳው እየራቀ ነው። ቀረሶው ከታንኳ ወርዶ በቀጥታ ቤት ይገባ የነበረበት ጊዜ አለ፣ አሁን ዓሣው መጀመሪያ የሚያውቀው ሆቴሉን ነው። በ2004 ዓ.ም. ገደማ የታየው እምቦጭ የሰሜኑንና የምሥራቁን ዳርቻ ሲሸፍን ዓሣ አጥማጁን መንገድ አሳጥቶታል፣ ደንገሉም ለእርሻና ለግንባታ እየተመነጠረ ሳስቷል። ደንገል ካነሰ ታንኳም ሰሌንም አብሮ ያንሳል፣ ይህ ራሱን የቻለ ትልቅ ጉዳይ ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል? እኔ ወደ ድሮ መመለስን ከሚመኙት ወገን አይደለሁም። መጅ የሚገፋ የለም፣ አይኑርም። ከድሮ መመለስ ያለበት አንድ ነገር ቢኖር ሥራን አብሮ መሥራት ነው፣ ለዚህ ደግሞ ገጠር መግባት አያስፈልግም። አንድ ቆጣሪ የሚጋሩ አምስት ተከራዮች ቅዳሜ ጠዋት በአንድ ምጣድ ተራ ይዘው ቢጋግሩ፣ አንዴ የጋለው ምጣድ ለሁሉም ይበቃል። ምጣዱ እስኪግል የሚባክነው መብራት አንዴ ብቻ ይባክናል፣ ሂሳቡም ላይ ጭቅጭቅ ይቀንሳል። ይህን የሚያደርጉ ግቢዎች አሉ። አከራዮች «ምጣድ አይቻልም» ከማለት ይልቅ ይህን ቢያደራጁ ለራሳቸውም ይሻላቸዋል።

ሠራተኛ ያለው ቤት ደግሞ ደንቡ እስኪወጣ መጠበቅ የለበትም። ደመወዙን፣ የዕረፍት ቀኑንና የማታ ትምህርቱን በወረቀት ጽፎ ሁለቱም ይፈርሙ። የማታ ትምህርት የሚጀምረው በእራት ሰዓት አካባቢ ነው፣ በዚሁ ምክንያት የሚያቋርጡ ልጆችም አሉ። እራቱን ሌላ ሰው ያቅርብ።

ያ ሌላ ሰው ደግሞ አለ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተምረው ሥራ የያዙ፣ ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ ወንደላጤዎችን እናውቃለን። ሽንኩርት በደንብ ያቁላላሉ። ሽሯቸው ይጣፍጣል፣ አንዳንዶቹ ዓሣ ሲጠብሱ ከሆቴል ያስንቃሉ። ልብሳቸውን አጥበው ያሰጣሉ፣ ውሃ በሌሊት ሲመጣ ተነስተው ይቀዳሉ። እነዚሁ ሰዎች ባገቡ በዓመቱ የጨው ዕቃ የት እንዳለ ይጠይቃሉ። ይህን ለማንም ወንድ ወዳጄ በፊቱ እላለሁ፦ ትናንት ትችል ነበር፣ ሚስትህም ታውቃለች። ማክሰኞና ሐሙስ እራቱን አንተ ሥራ፣ ያች ልጅም ደብተሯን ይዛ በጊዜ ትውጣ።